ቀን ቈጣሪው ማን ነው?

በድሬዳዋ ከተማ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚመልስለት ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱትን እናት ቢጠይቅ «ዛሬማ ገብርኤል ነው» ይሉታል፤ ወሩ በገባ በ19ኛው ቀን ነን ማለታቸው ነው። በመጋላ ከሱቃቸው በራፍ የተቀመጡትን ሼኽ ቢጠይቅ የጨረቃይቱን ወር ይነግሩታል። የጭነት አስተላላፊውን ጸሐፊ ቢጠይቅ ደግሞ ከጅቡቲ የመጣውን ወረቀት አንሥቶ የፈረንጁን ቀን ያነብለታል። ሦስቱም አልዋሹም፤ ሦስቱም ግን አንድ ቍጥር አልተናገሩም። ይህ ነገር ለከተማችን ተወላጅ እንግዳ አይደለም። ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ስላደግን አንደነቅበትም፤ እኔም እስከ አንድ ቀን ድረስ አልተደነቅሁበትም ነበር። ያ አንድ ቀን የመጣብኝ በመዝገብ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ወደ እርሱ ከመድረሴ በፊት ግን ጥቂት ዙሪያ ጥምጥም ብሄድ አንባቢ እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

ድሬዳዋ የሰዓት ልጅ ናት ቢባል ሐሰት አይሆንም። ዳግማዊ ምኒልክ የምድር ባቡሩን ሥራ ፈቃድ ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በደቻቱ ወንዝ አጠገብ ካለው ሜዳ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን ፈረንጆቹ ይኸንኑ 1902 ይሉታል። ወደ ሐረር ተራራ መውጣት አስቸጋሪና ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ስለ ነበረ ባቡሩ ከተራራው ሥር ቀረ፤ ከተማይቱም በዚያው ተቈረቈረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የትውልድ ዘመንዋን እንኳ ብንጠይቃት ከተማችን ሁለት ቍጥር ትነግረናለች ማለት ነው።

ከባቡሩ በፊት በዚህ አገር የሚመላለሰው ሲራራ ነጋዴ ነበረ። ሲራራ ነጋዴ ማለዳ ይነሣል፤ ፀሐይ ስትከር ያርፋል፤ ወራጅ ውሃ ቢሞላበት ይጠብቃል። «ከሩብ ጉዳይ» የሚል ቃል ለግመል ምኑ ነው? ባቡር ግን መንገደኛውን አይጠብቅም። ደቂቃ የምትባለው ነገር በአገራችን ዋጋ ያገኘችው ከባቡር ጣቢያ ነው ብል የምሳሳት አይመስለኝም። በሌላውም ዓለም የሆነው ይኸው ነው። በእንግሊዝ አገር የባቡር ኩባንያዎች በፈረንጅ 1847 ሁሉም በግሪንዊች ሰዓት እንዲሄዱ እስኪስማሙ ድረስ እያንዳንዱ ከተማ በራሱ ፀሐይ ይቈጥር ነበር። አሜሪካኖች በ1883 ተከተሉ፤ በዓመቱም በዋሽንግተን የተሰበሰቡት የመንግሥታት መልእክተኞች ግሪንዊችን የምድር ሁሉ መነሻ አደረጉ።

እኛ ዛሬ የምንሄድበት ሰዓት ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት የሚቀድመው ነው። ይህ ሰዓት በትክክል የሚገጥመው በ45ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ላለ አገር ነው፤ ድሬዳዋ ግን ከ42ኛው ጥቂት ፈቀቅ ብላ ስለምትገኝ በእጃችን ያለው ሰዓት ከቀኑ ስድስት ሲል ፀሐይ ከአናታችን ለመድረስ በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ይቀራታል። አዲስ አበባ ላይ 25 ደቂቃ ይቀራታል። ስለዚህ በአገራችን የሚነገረው «ቀትር» ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ሰዎች ተስማምተው ያቆሙት ነው።

በዚሁ ነገር ላይ አንድ የሚያስቅ ታሪክ አለ። በፈረንሳይ አገር እስከ 1911 ድረስ ከጣቢያው ግድግዳ ውጭ የተሰቀለው ሰዓትና በውስጡ ባቡሩ የሚሄድበት ሰዓት አንድ አልነበሩም። የውስጠኛው ሆን ተብሎ በ5 ደቂቃ ወደ ኋላ እንዲቀር ይደረግ ነበር፤ ይኸውም የዘገየው መንገደኛ ባቡሩ እንዳያመልጠው ነው። ይህ ሰዓት ውሸታም ነውን? ወይስ ርኅሩኅ? እኔ እንደሚመስለኝ ውሸት የሚባለው አንዱ የሚያውቀውን ሌላው ሳያውቀው ሲጐዳበት ነው። ያን ሰዓት ግን ጣቢያው ያውቀዋል፤ መንገደኛውም ያውቀዋል፤ ማንም አልተጐዳበትም። ይህችን ነጥብ አንባቢ በልቡ እንዲያኖራት እሻለሁ፤ በኋላ እመለስባታለሁና።

ስለ ሰዓታችን አቈጣጠር ደግሞ ጥቂት ልበል። እንግዶች «ጧት በአንድ ሰዓት» ስንላቸው ይደናገጣሉ፤ ለእነርሱ ሌሊት ነውና። እኛ ግን ቀንን ከንጋት መቍጠራችን ከሰማያችን ጋር የተስማማ ነው። በድሬዳዋ የዓመቱ ረዥሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው ከአንድ ሰዓት ብዙም ባልዘለለ ነው። በሎንዶን ቢሆን ንጋቱ በበጋና በክረምት በአራት ሰዓት ያህል ስለሚለያይ እንዲህ ያለው አቈጣጠር አያዛልቅም ነበር። ፈረንጁ ቀኑን የሚጀምረው ሰው ሁሉ በተኛበት በእኩለ ሌሊት ነው። ለሙስሊሙ ጐረቤታችን ግን ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ሁሉም እንደየአገሩና እንደየሃይማኖቱ ልክ ነው።

ነገር ግን ልዩነቱ ሁልጊዜ የጨዋታ ነገር አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በክረምቱ ደቻቱ ሞልቶ ከተማይቱን በሌሊት ሲመታ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሕይወት አልፏል። ያ ሌሊት የማን ቀን ነው? በፈረንጁ ወረቀት ላይ የተጻፈው ኦገስት 6 ቀን 2006 ነው። በእኛ አነጋገር ግን «ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ» ነው። ይህችን «አጥቢያ» የምትባለውን ቃል ባሰብሁ ቍጥር ያስደንቀኛል። ሁለቱን ቀኖች አታጣላም፤ አንዱንም ሐሰተኛ አታደርግም፤ ሌሊቱን በሁለቱ መካከል አስቀምጣ ለሐዘንተኛው የሚበቃውን ያህል ቦታ ትተውለታለች። የመዝገብ ቅጾቻችን ግን ለአጥቢያ የሚሆን ሣጥን የላቸውም።

የእኅቴ ልጅ ማይንክራፍት የሚባለውን የኮምፒዩተር ጨዋታ ይወድዳል። በዚያ የሐሳብ ዓለም ውስጥ ከንጋት እስከ ንጋት ያለው ጊዜ በእኛ ሰዓት 20 ደቂቃ ብቻ ነው። ፀሐይዋ ትወጣለች፤ እንጨት ትቈርጣለህ፤ ቤት ትሠራለህ፤ ወዲያው ይመሻል። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ሳይ «በዚህ አገር ቀኑን የወሰነው ማነው?» አልሁት። «የሠሩት ሰዎች ናቸዋ!» አለኝ። እንዲያ ባለ ዓለም ውስጥ በእርግጥ ጠብ የለም። ሠሪው አንድ ነው፤ ሰዓቱም አንድ ነው፤ ፍጥረቱ ሁሉ ያለ ክርክር ይታዘዛል። ልጁም ቀጥሎ «ጋሼ፣ ለእኛስ ለምን አንድ አላደረጉልንም?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልሰጠሁትም፤ ቡናዬን አንሥቼ ወጣሁ። ይህ ጽሑፍ ለእርሱ የዘገየ መልስ ነው ቢባል ይቻላል።

እነሆ አሁን ወደ ጠረጴዛዬ ደረስሁ።

በ2006 ዓ.ም. ገና በሃያዎቹ ዕድሜዬ ሳለሁ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። ጡረታ የሚገባቸውን ሠራተኞች ስም ለይቼ እንዳቀርብ ታዘዝሁ። ካገላበጥኋቸው ፋይሎች መካከል ከቀድሞ አሠሪ የተዛወረ የአንድ መካኒክ ፋይል ነበረ። የቅጥሩ ቅጽ በፈረንሳይኛ የታተመና በእጅ የተሞላ ነው። የተቀጠረበት ዘመን 1977 የፈረንጅ መሆኑ ከደመወዙ መዝገብ የታወቀ ነው። የትውልድ ዘመን በሚለው መስመር ላይ ግን «1951» ተብሎ ተጽፎአል፤ በፊቱም በኋላውም ምንም ምልክት የለውም። እኔም የቅጥሩ ዘመን የፈረንጅ ከሆነ የትውልዱም የፈረንጅ ነው ብዬ ቀነስሁ። 1951 የፈረንጅ ማለት 1943 ዓ.ም. ነው፤ እንግዲህ ሰውየው በ2003 ዓ.ም. 60 ዓመት ሞልቶት ሳለ ሦስት ዓመት ያለ አግባብ ሠርቶአል። ማስታወሻውን ለመጻፍ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። በማስታወሻውም ላይ «በ1951 እ.ኤ.አ. የተወለዱ» ብዬ ጻፍሁ።

በወሩ ደመወዛቸው ቆመ። የመጨረሻ ልጃቸው ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች።

ሰውየው በማግሥቱ ወደ ቢሮዬ መጡ። «ልጄ፣ እኔ የተወለድሁት በ51 ነው» አሉኝ።

«አዎን አባቴ፣ በ51፤ በፈረንጅ» አልኋቸው።

«እናቴ ፈረንጅ አልነበረችም» አሉኝ።

የክርስትና ወረቀት የላቸውም። ያላቸው ማስረጃ የእናታቸው ቃል ብቻ ነው፦ በዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜን 6 ቀን ተወለድህ ብላ ነግራቸዋለች። ይኸን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ በዘመነ ሉቃስ ብቻ ናትና ነገሩ አሁን ይለያል አልሁ። ወረቀት ሳብሁና እንደ ሊቃውንቱ ሕግ 5500 ዓመተ ዓለምን ጨምሬ ለአራት አካፈልሁ። 1951 ሲደመር 7451 ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል፤ ሦስተኛው ወንጌላዊ ሉቃስ ነው። 1943 ሲደመር 7443 ይሆናል፤ ይኸም ለአራት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል፤ ሉቃስ ነው! በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስምንት ስለ ሆነና ስምንትም በአራት ያለ ትርፍ ስለሚካፈል ወንጌላዊው ሁለቱንም ዘመን በእኩል ይመሰክራል። አንባቢ ይታዘበኝ፤ ይኸን ለሽማግሌው ሳስረዳ በድምፄ ውስጥ የሐዘን ሳይሆን ስሌቱን በመቻሌ የመኵራት ቃና ነበረ። የመሥሪያ ቤቱም ኀላፊ በቅጥር ጊዜ ከተሞላው ቅጽ በቀር ሌላ ማስረጃ አንቀበልም አሉ። ሰውየው ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ በቀፊራ ገበያ አጠገብ ከአንዲት ቡና አፍይ ዘንድ ተገናኘን። ሊሸሹኝ ይችሉ ነበር፤ ግን ጠርተው አስቀመጡኝ። በጨዋታችን መካከል ስለ እናታቸው አነሡ። ምጡ የጀመራት ወንዶቹ ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ ነው አሉ፤ ያዋለደቻቸው ሙስሊም ጐረቤታቸው «ባለቤቴ ከመስጊድ ሲመጣ ምሳ ሳላቀርብለት አንተ መጣህብኝ» እያለች እስክትሞት ድረስ ትቀልድባቸው ነበር። ሊጠይቁ የመጡት ክርስቲያን ሴቶችም የጾም ቀን ነውና የገንፎውን ቅቤ ሳይነኩ ሄዱ፤ ቅቤውን በሙሉ የበላችው ያችው አዋላጅ ናት። ሰውየው ይኸን የነገሩኝ ለማስረጃ አልነበረም፤ ለሣቅ ነበር። እኔ ግን ሲኒው በእጄ ላይ ቀረ።

ጁምዓ ዓርብ ነው። ዓርብም የማንም የግል አይደለም! ክርስቲያኑ ይጾመዋል፤ ሙስሊሙ ይሰግድበታል፤ ፈረንጁም በራሱ ቋንቋ ይጠራዋል፤ ዕለቱ ግን አንድ ነው። ሮማውያኑ በፈረንጅ 1582 አቈጣጠራቸውን ሲያርሙ ከኦክቶበር 4 ወደ 15 ዘለሉ፤ ሆኖም 4ኛው ቀን ሐሙስ ነበረና 15ኛው ቀን ዓርብ ሆነ። ቀኑ ሲዘል ሳምንቱ አልዘለለም። በፈረንሳይ አብዮት የተነሡት ሰዎች ሳምንቱን ዐሥር ቀን ሊያደርጉት ሞክረው ከጥቂት ዓመት በኋላ ተዉት፤ ሶቪየቶችም ከ1929 ጀምረው በአምስትና በስድስት ቀን ሳምንት ቈይተው በ1940 ወደ ሰባቱ ተመለሱ። ወሩን ጨረቃ ታስበዋለች፤ ዓመቱንም ፀሐይ፤ ሳምንቱን ግን የሚጠብቀው በሰማይ የሚታይ ምልክት የለም። ይህን ያህል ዘመን ሳይሰበር የቈየው ሰዎች ትናንት ያሉትን ዛሬ ባለመካዳቸው ብቻ ነው።

በዚያች ሌሊት አልተኛሁም። ስምንት ዓመት ሁለት ጳጉሜን ስድስት ሲጨመርበት 2922 ቀን ይሆናል፤ ለሰባት ሲካፈል ሦስት ቀን ይተርፋል። ጳጉሜን 6 ቀን 1943 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበረች። ከማክሰኞ ሦስት ቀን ብንቈጥር ዓርብ እንደርሳለን፤ ጳጉሜን 6 ቀን 1951 ዓ.ም. ዓርብ ነበረች ማለት ነው። ሽማግሌው እውነታቸውን ነበር። ጡረታ መውጣት የሚገባቸው በ2003 ሳይሆን በ2011 ዓ.ም. ነበረ።

ለኀላፊው አቤት አልሁ። የሞተች አዋላጅ ቀልድ ማስረጃ አይሆንም፤ ፋይሉም ተዘግቶአል ተባልሁ። ደብዳቤዬን ግን ከፋይሉ ጋር አያያዙት።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ሰዓትና ቀን ሰዎች ተስማምተው ያቆሙት ነገር ከሆነ፣ አንድን ሰው በተሳሳተ ቀን መጻፍ ከቶ ምን ዓይነት በደል ነው? አንዳንድ ወዳጆቼ ነገሩን ቀላል ያደርጉታል። የዓለምን አቈጣጠር ብንቀበልና አንድ ብንሆን ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር ይላሉ። ሐሳባቸውን አልንቅም፤ ከውጭ አገር ጋር የሚጻጻፍ ሰው ድካሙን ያውቀዋል። ነገር ግን ሽማግሌውን የጐዳቸው ሁለት አቈጣጠር መኖሩ ነውን? በከተማችን ሰዎች ከሁለት በሚበልጥ አቈጣጠር ሲጋቡ፣ ሲነግዱ፣ ሲቀብሩ መቶ ዓመት አልፎአቸዋል። በ2014 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 16፣ ዒድ ደግሞ ሚያዝያ 24 ቀን ሲውል ሁለቱም ጾሞች ጐን ለጐን ነበሩ፤ አንዱ የሌላውን ቀን ሳይዘርፍ ሁሉም የየራሱን ፈሰከ። አንድ ሰው ብዙ አቈጣጠር ያለው ጐረቤት ሲኖረው «የቱን ማለትህ ነው?» ብሎ መጠየቅን ይማራል። ያችን ጥያቄ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ።

ቅጹ ስሕተት አልነበረበትም። ቅጹ 1951 አለ፤ እውነት ነው። ስሕተቱ የገባው «እ.ኤ.አ.» ብዬ ስጽፍ ነው፤ እነዚያ ሦስት ፊደላት ከፋይሉ ውስጥ አልነበሩም፤ ከእኔ የወጡ ናቸው። ይልቁንም የከፋው መገመቴ አልነበረም፤ ጸሐፊ ሁሉ ይገምታል። የከፋው ግምቴን ከፋይሉ እንዳነበብሁት አድርጌ መጻፌ ነው። «በግምት» የምትል አንዲት ቃል ብጨምር ኖሮ ኀላፊው ይጠይቁ ነበር፤ ሽማግሌውም ከመባረራቸው በፊት ይጠየቁ ነበር። የፈረንሳዩን ጣቢያ ሰዓት አስታውሱ፤ የእርሱን አምስት ደቂቃ ሁሉም ያውቁት ነበር። የእኔን ስምንት ዓመት ግን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እኔም ራሴ የዘነጋሁት ይመስለኛል፤ በእጄ የጻፍሁትን ተመልሼ ባነበብሁ ጊዜ ከፋይሉ የመጣ መስሎኝ ነበርና።

ደግሞም ስለ ፀሐይ የተሳሳተ ሰው ማንንም ብዙ አይጐዳም። ፀሐይ በነገው ንጋት ራስዋ ታርመዋለች። ሰዎች በስምምነት ብቻ ያቆሙትን ነገር የሚያርም ግን ሌላ ሰው እንጂ ሰማይ አይደለም። ሽማግሌው አንገታቸውን ቢያቀኑ በሰማይ ላይ የሚመሰክርላቸው አንድ ኮከብ አልነበረም። የነበራቸው የእናት ቃል፣ የጐረቤት ቀልድ፣ ያልተበላ ቅቤና አንድ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ብቻ ነው። ስምምነት ነው ማለት ቀላል ነው ማለት እንዳልሆነ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው፤ ገንዘብም ስምምነት ነው፤ ጋብቻም ስምምነት ነው።

ስሌቱን ይዤ ወደ ሽማግሌው ቤት በሄድሁ ጊዜ በዝምታ ሰሙኝ። «እንግዲያው አምስት ዓመት አንተ ዘንድ አለኝ ማለት ነው» አሉኝ። አልተቈጡም፤ ብድር እንደሚያስታውስ ሰው ነው የተናገሩት። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤት ቀይሬአለሁ፤ ሥራዬ ግን ያው መዝገብ ነው። የዓመት ቍጥር ባየሁ ጊዜ የማን እንደ ሆነ ሳልጠይቅ አላልፍም። ባልደረቦቼ በዚህ ይቀልዱብኛል፤ ሥራም እንደማዘገይ ተነግሮኛል። እውነት ነው፤ አዘገያለሁ።

በ2015 ዓ.ም. ዘመኑ ሉቃስ ነበረ። ጳጉሜን 6 ቀን፣ ሰኞ ዕለት፣ ከሥራ ወጥቼ ሳቢያን ወደሚገኘው ቤታቸው ሄድሁ። ሙቀቱ ገና አልበረደም፤ ቡናው በግቢው በዛፍ ጥላ ሥር ቀርቦአል። ያች አሥራ ሁለተኛ ክፍል የነበረችው ልጃቸው ዛሬ የራስዋ ልጅ አላት። እርሱም «አያያ፣ ስንት ዓመትህ ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው በጣታቸው እያስቈጠሩት «ልደቴ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው፤ ዛሬ አሥራ ስድስት ሞላኝ» አሉት። ልጁ አመነ። ስሌቱን በልቤ አጣራሁ፤ ልክ ነበር።

ስሰናበታቸው እስከ በራፉ ሸኙኝ። «የሚቀጥለው በ2019 ነው፤ ትመጣለህ?» አሉኝ።

«እመጣለሁ አባቴ» አልኋቸው።

«በየትኛው 2019?» አሉኝ።

«በዓመተ ምሕረት» አልሁ።